የነጋዴው ዝምታ

በማሻና በወሎው መካነ ሰላም ዙሪያ ያላችሁ ወጣት አንባቢዎች፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ጀምራችሁ «ሰዎቹ አይገቡኝም» ብላችሁ ብትተዉት አይፈረድባችሁም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው፣ ዛሬ ሁሉም «ጦቢያ» የሚለው ይህ አጭር መጽሐፍ ስለ ሰዎቹ ልብ ብዙ አያወራም። አንድ ነጋዴ ለማያውቀው ወጣት፣ ለዋሕድ፣ የተማረከ አባቱን ማስለቀቂያ ገንዘብ ሰጥቶ ስሙን እንኳ ሳይናገር ይሄዳል። አባትየው ነጻ ሲወጣ ዋሕድ ያንን ባለውለታ ፍለጋ ቤቱን ጥሎ ይወጣና እሱው በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንታ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። «እንደዚያ ነጋዴ የሚያደርግ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብትሉ ጥያቄው የእናንተ ነው፤ ግን ጥያቄውን ይዛችሁ ንባቡን ቀጥሉ እንጂ መጽሐፉን አትዝጉት።

እንዲህ ፈትኑት፦ ደራሲው የደበቀውን እናንተ ግለጡትና ታሪኩ ምን እንደሚሆን እዩ። ነጋዴው ስሙንና አገሩን ቢናገር ኖሮ ዋሕድ ሄዶ አመስግኖ ይመለስ ነበር፤ መሸጥ የለ፣ ፍለጋ የለ፣ የጦቢያም የወንድ ልብስ ባልተሰፋ ነበር። ዝምታው የታሪኩ ማጠፊያ ነው። ደግሞስ ሳይታወቁ መስጠት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ወንጌል ምጽዋትን በስውር አድርጉ ይላል፤ እስልምናም የተደበቀ ሰደቃን ያወድሳል። ሁለቱን በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሲያይ ያደገ የወሎ ልጅ ይህን ነጋዴ ከማንም ቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

«ታዲያ ያልገባንን ሁሉ ጥበብ እንበለው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በመጨረሻ ጦቢያን አፍቅሮ ክርስትና የሚነሣውን «አረመኔ» ንጉሥ በዚያው ፈተና መዝኑት። ከራሱና ከመኳንንቱ ጋር ያደረገው ሙግት በሁለት ገጽ ቢጻፍ ታሪኩ የሚያጣው አንዳች የለም፤ የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው። የሃይማኖት ለውጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ወሎ ያውቃል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ጋር ተያይዞ የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሲባሉ፣ ከበስተጀርባው የአፄ ዮሐንስ ትእዛዝና የሥልጣን ጉዳይ ነበረ፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉት የእስልምና መምህራን ደግሞ እምቢ ብለው ጦር አነሡ። በመጽሐፉ ንጉሥ ላይ የዚህ ክብደት ምልክት እንኳ አይታይም። የአማርኛ ልብ ወለድ የበኩር ሥራ ነውና ይታለፍለት የሚሉም አሉ፤ ሆኖም ለነጋዴው ያወቀበት ደራሲ ለንጉሡም ሊያውቅበት ይችል ነበር። ነጋዴው እንቆቅልሽ ነው፤ ንጉሡ ግን ጉድለት ነው። መጽሐፉ አጭር ነውና ደግማችሁ አንብቡት፤ ነጋዴው ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ፣ ንጉሡ ጋ ስትደርሱ እርሳስ ያዙ።