ሦስት ሚሊሜትር ምሕረት

ሕግ የሚራራው በማን በኩል ነው? በዳኛው ወይስ በራሱ? ይህ የነገረ መለኮት መምህራንንም የሕግ ሊቃውንትንም ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው። እኔ መልሱን የምፈልገው ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የእንጨት ሥራ ቤቶች፣ ያውም የውስጥ በር የሚቀርጸውን የማሽን ቢላ ከመምረጥ ሥራ ነው። ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ግን አናጢው ቢላ ሲመርጥ የሚያደርገው ሕግ አውጪ ከሚያደርገው ብዙም አይርቅም፤ ገና ያላያቸው፣ ጠባያቸው የተለያየ ብዙ ጣውላዎች የሚያልፉበትን አንድ ቅርጽ አስቀድሞ ይወስናል። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ምክክር የለም። በደቂቃ ከ6,000 ጊዜ በላይ የሚዞር ብረት ይሄኛው ጣውላ ዋንዛ ነው፣ ያኛው ባሕር ዛፍ ነው ብሎ አይለይም። የአናጢው ነጻነት፣ ኀላፊነቱም ጭምር፣ ማብሪያውን ከመጫኑ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ተጠቅልሎ ያልቃል።

ባለ ፓኔል በር ሁለት ቋሚዎች፣ ሁለት ወይም ሦስት አግዳሚዎችና በመካከላቸው የሚቀመጥ ፓኔል አለው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቢላ ጥንድ ነው። አንዱ የቋሚውንና የአግዳሚውን ጠርዝ ይቀርጻል፣ ፓኔሉ የሚገባበትንም ቦይ ያወጣል። ሁለተኛው የአግዳሚውን ጫፍ በግልባጩ ይቆርጣል፤ ወንዱ ከሴቱ እንዲገጥም። (ጥንዶቹ አብረው ካልተሳሉ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ አንዱን አንቀጽ አሻሽለው ተጓዳኙን የሚረሱ ሕግ አውጪዎች ይህን ቢያዩ ይጠቀማሉ።) ገዢ ቢላ ሲያማርጥ የሚያየው የጠርዙን ጌጥ ነው። የበሩን ዕድሜ የሚወስነው ግን የማይታየው የቦዩ ጥልቀት ነው፤ እንጨት ከተቆረጠ፣ ከተሰነጠቀ፣ ከተላገም በኋላ አያርፍምና። በርዝመቱ የሚያሳየው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። በስፋቱ ግን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ስፋቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ ፓኔል የእርጥበት መጠኑ በ5 በመቶ ቢለዋወጥ፣ እንደ ዝርያውና እንደ አሰነጣጠቁ እስከ 6 ሚሊሜትር ሊሄድ ይችላል። በግራ 3፣ በቀኝ 3 ማለት ነው። ስለዚህ ፓኔሉ በቦዩ ውስጥ ኮላ ሳይነካው፣ ዳርና ዳሩ ክፍተት ተትቶለት መቀመጥ አለበት። 6 ሚሊሜትር ብቻ የሚቆፍር ቢላ ይህን ክፍተት ከሰጠ ፓኔሉን የሚይዝበት አይተርፈውም፤ 12 ሚሊሜትር የሚቆፍረው ግን ለሁለቱም ይበቃል።

በዓመት ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት በደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም። በነሐሴ አየሩ ራሱ ውሃ ነው፤ በጥር ግን ፀሐዩ ይበረታል። ለቴፒ ወይም ለበበቃ ቡና አድራቂ ይህን ማስረዳት አያሻም፤ ጀንፈሉ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ተገለባብጦ እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ ካልወረደ ሻግቶ እንደሚቀር ያውቃል። ያው ሰው ለቤቱ በር ሲያዝ ግን ንቅንቅ የማይል፣ ድፍን ያለ ሥራ ይፈልጋል፤ አናጢውም ሊያስደስተው ፓኔሉን ዙሪያውን በኮላ ያስረዋል። በክረምት የታሰረው ፓኔል በጥር ሲሰበሰብ መሸሻ ያጣል፣ መካከሉ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ያመጣው ደካማ እንጨት አይደለም፤ ክፍተት የነፈገው ጠንካራ ማሰሪያ ነው።

አርስቶትል ለኒኮማከስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ በ5ኛው ክፍል፣ ሕግ በጥቅሉ ስለሚናገር ነጠላውን ጉዳይ ሊስት እንደሚችል ያስረዳና መድኃኒቱ ርትዕ ነው ይላል። ምሳሌው የሌስቦስ ደሴት ግንበኞች ይጠቀሙበት የነበረው የእርሳስ ማስመሪያ ነው፤ ለስላሳ ብረት ስለሆነ በድንጋዩ ቅርጽ ልክ ይታጠፋል። ምሳሌው ውብ ነው፤ ከእሱ ወዲህ ምሕረትን ከሕግ መታጠፍ ጋር አያይዘን ማሰብ ለምደናል። የማሽን ቢላ ግን የዚያ ማስመሪያ ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ቢታጠፍ ይሰበራል፣ ሰውም ይገድላል። እንዲያም ሆኖ በደንብ የተመረጠ ቢላ ለእንጨቱ ይራራል። ርኅራኄው ያለው በመታጠፉ ሳይሆን በሚቆፍረው ጥልቀት ውስጥ ነው። እኔ የምለው ይህንን ነው፤ ጥሩ ሕግ ለሰው የሚራራው አንዱ ዳኛ ስላጠፈው ሳይሆን ሲቀረጽ ቦታ ስለተወለት ነው።

የኖሩት የሃይማኖት ሕጎች ይህን ያውቁታል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጾም ጥብቅ ነው፤ ግን 7 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን አያስጾምም፣ በጽኑ ለታመመም ገደቡ ይላላል። ቁርኣን የረመዷንን ጾም በሚያዝበት ስፍራ ሕመምተኛውና መንገደኛው ቀኖቹን በሌላ ጊዜ እንዲያካክሱ አብሮ ያዝዛል። በወንጌልም ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት እሸት በቀጠፉ ጊዜ ኢየሱስ ዳዊት በተራበ ጊዜ የተቀደሰውን ኅብስት የበላበትን ታሪክ ቢያነሣም መልሱን እዚያ ላይ አላቆመም፤ ሰንበት ከመጀመሪያው ለሰው እንደተሠራች ነው የተናገረው። ያ አነጋገር ሕጉን አያጥፈውም፤ ክፍተቱ ድሮም እንደነበረበት ያመለክታል። በሸካ ኮቦ የሚባለው ነባር የደን ይዞታም ቢሆን ባለ መብቱ በድርሻው ቀፎ ሰቅሎ ማር እንዲቆርጥ ይፈቅድለታል፤ ደኑ ግን ደን ሆኖ ይኖራል።

ምሕረትን ለዳኛው ልብ ብቻ መተው ምን እንደሚያስከትል ከገዛ ታሪካችን እናውቃለን። በዘመነ ነገሥት የመጨረሻው አቤቱታ ዙፋን ችሎት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠው፣ ሕጉ የጨከነበትን ሰው ሊምሩት ይችሉ ነበር። ብዙዎች ፍትሕ ያገኙበት ችሎት ነውና አላቃልለውም። ግን ከሚዛን ተፈሪ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚያን ጊዜው መንገድ፣ በክረምት ጭቃ፣ ስንቅና ወኪል ይዞ መድረስ የሚችለው ማን ነበር? በማስመሪያው መታጠፍ የሚገኝ ምሕረት ማስመሪያውን የያዘው እጅ አጠገብ ላለ ድንጋይ ነው። በቢላው ጥልቀት ያለው ምሕረት ግን ባለቤቱ ለማይታወቅ፣ ለምኖም ለማያውቅ ጣውላ ሁሉ ይደርሳል።

ክፍተት የተወ ሕግ መላወሻ ለአጭበርባሪ ይሰጣል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፣ ያለ ልክ የሰፋ ቦይ ውስጥ የገባ ፓኔል በሩ በተዘጋ ቁጥር ይንኳኳል። ግን አናጢው ቦዩን በሁለቱም አቅጣጫ አያሰፋውም። በውፍረቱ በኩል ፓኔሉ ጥብቅ ብሎ ይገባል፣ ንፋስ አያስገባም፤ የሚተውለት እንጨት በተፈጥሮው በሚንቀሳቀስበት በስፋቱ በኩል ብቻ ነው። ኮቦም እንዲሁ ነው፤ በማሩ ይለቃል፣ በምንጣሮው ያጠብቃል። ጥያቄው ሕጉ ይጥበቅ ወይስ ይላላ የሚል አይደለም ማለት ነው። የሰው ልጅ በየት በኩል ነው የሚያብጠውና የሚሰበሰበው? በረኀብ፣ በሕመም፣ በዕድሜ። እነዚህን ሳያጠና ሕግ የሚቀርጽ ሰው ቢላውን በጌጡ ብቻ የመረጠ ነው።

ሌላው፣ የማይንቀሳቀስ ቁስ እያለ ስለ እንጨት ጠባይ ለምን እንጨነቃለን ይላል። ኤም ዲ ኤፍ የሚባለው የፋብሪካ ሰሌዳ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ በወቅት መለዋወጥ ብዙም አይነቃነቅም፣ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን ያ ዝምታ የተገኘው የእንጨቱ ጭረት ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀት ተጨፍልቆ ነው። ቤት ሲታጠብ ከታች በኩል ውሃ ከገባበት ደግሞ ያብጣል፤ እንደ ጣውላ ደርቆ ወደ ልኩ አይመለስም። ዜጎችን አስቀድመው አንድ ዓይነት በማድረግ ቀላል ሕግ ለማውጣት የሞከሩ መንግሥታት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አልጠፉም። የፈጩትን እንደገና ሰው ማድረግ ግን አልቻሉም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የራሱ የአርስቶትል ክርክር ነው። ማንም ሕግ አውጪ የሚመጣውን ሁሉ አያይም፤ ስለዚህ ክፍተቱን ቀድሞ መለካት አይቻልም። በዚህ እሸነፋለሁ፣ ግን በከፊል። ዕድገቱ ጠማማ የሆነ፣ ውስጡ ሲደርቅ የሚጠመዘዝ ጣውላ ይኖራል፤ ለእሱ የእጅ መላጊያው ከግድግዳው አይወርድም፣ አስተዋይ ዳኛም እንዲሁ። ይሁንና በየክረምቱ እያንዳንዱ በር መላጊያ የሚጠራ ከሆነ ጥፋቱ የጣውላው አይሆንም፤ ቢላው ተሳስቷል። የዳኞች ደግነት ዕለት ዕለት የሚያስፈልገው አገርም ሊመረምረው የሚገባው ሕጉን ነው።

ፓኔሉን ሳያስሩ የመተው አሠራር ግን ውበቱን ለማሳመን ያስቸግራል። ፓኔሉ ቬርኒሽ የተቀባው ከተገጠመ በኋላ ከሆነ፣ በጥር ሲሰበሰብ ከጠርዙ ሥር ቀለም ያልነካው ነጭ መስመር ብቅ ይላል፣ ባለቤቱም አናጢውን ጠርቶ ሥራው ጉድለት አለበት ይላል። ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር የምትሆን መስመር ናት፤ ዝናቡ ሲመለስ ተመልሳ ቦዩ ውስጥ ትገባለች።