ወባ የመረጠው ደም

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በተባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ ፎቅ ላይ ከሞምባሳ የመጣ ስዋሂሊ፣ ከኪሱሙ የመጣ ሉኦ፣ ከኒዬሪ የመጣ ኪኩዩ፣ ሶማሌና ሐበሻ ተጎራብተው ይኖራሉ። ልጆቻቸው አብረው ኳስ ይጫወታሉ፤ ሲያድጉም የሚጋቡ አሉ። ደማቸው ግን አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከኖሩበት አገር የተረፈ ምልክት አለበት። ያን ምልክት ለማንበብ የበቃው እዚሁ ኬንያ ያደገ ሰው ነው።

አንቶኒ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ1925 ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ፣ ልጅነቱን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጊልጊል አጠገብ ባለ እርሻ አሳለፈ። በ1949 የኦክስፎርድ የሕክምና ተማሪ ሳለ ወደ ኬንያ ተራራ ከሚሄድ የጥናት ቡድን ጋር ተመለሰና ከየብሔረሰቡ ደም መሰብሰብ ጀመረ። ምርመራው ቀላል ነበር። ጠብታ ደም በሁለት መስታወት መካከል ታሽጎ ኦክስጅኑ እንዲያልቅ ይደረጋል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጤነኛው ቀይ የደም ሴል ክብነቱን እንደያዘ ይቆያል። የተለየ ሄሞግሎቢን ያለበት ግን ቀስ በቀስ ይጎብጥና እንደ ማጭድ ይቀጥናል።

ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነበር። በባሕር ጠረፍና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ይህን ሄሞግሎቢን የሚያስገኘው ዘረ መል ያለባቸው ሰዎች ከመቶ ከ20 በላይ ሆኑ። በደጋው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ዘረ መሉን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ልጅ በማጭድ ሴል በሽታ ተይዞ በጽኑ የደም ማነስና በሕመም ይሰቃያል፤ በዚያ ዘመን አብዛኛው ለአቅመ አዳም ሳይደርስ ይሞት ነበር። ታዲያ ሕፃናትን የሚቀጥፍ ዘረ መል ለምን አልጠፋም?

አሊሰን የሁለቱን አገር ልዩነት ያውቀው ነበር፤ ቆላው ወባ አለበት፣ ደጋው የለበትም። ከወላጆቹ ዘረ መሉን ከአንዳቸው ብቻ የወረሰ ሰው በማጭዱ በሽታ አይታመምም፣ ወባም በቀላሉ አይገድለውም ብሎ ጠረጠረ። በ1953 ተመልሶ መጣና ፈቃደኛ የሆኑ 30 የሉኦ ጎልማሶችን በወባ እንዲያዙ አደረገ። ዘረ መሉ ከሌለባቸው 15 ሰዎች በ14ቱ ደም ውስጥ ጥገኛ ተውሳኩ ተገኘ፤ ካለባቸው 15 ሰዎች ግን በሁለቱ ብቻ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በጥብቅ ሳይመረምረው አይፈቀድም፣ ደግም ነው። ጥናቱ በ1954 ታትሞ ወጣ።

ሒሳቡን ልብ ብለን እንየው። ከመቶ 20 ሰው ዘረ መሉን በተሸከመበት መንደር፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ተሸካሚ የመሆናቸው ዕድል ከመቶ አራት ነው። ከእነሱ ልጆች ደግሞ ከአራት አንዱ ይታመማል። ከመቶ ልጆች አንዱ በማጭዱ በሽታ ሲጠቃ፣ አሥራ ስምንት ያህሉ ከወባ የሚከላከል ደም ይዘው ያድጋሉ። ተፈጥሮ የሚመርጠው እንዲህ ነው፤ ለአንዱ ልጅ አያዝንም፣ ለሕዝቡም አስቦ አይደለም። ወባ ይህን ዘረ መል አልፈጠረውም። ዘረ መሉ በአጋጣሚ ተነሣ፣ ወባ ያለበት አገር አቆየው፣ ወባ የሌለበት አገር አላበዛውም። አንድ ሰው በዕድሜው ዘረ መሉን አይለውጥም። የሚለወጠው ከትውልድ ትውልድ በሕዝቡ መካከል ያለው የተሸካሚዎች ቁጥር ነው።

ታዲያ የጠረፉና የደጋው ሰው ለምን ሁለት ዝርያ አልሆኑም? ስለሚጋቡ ነው። ሳውዝ ሲ ራሷ ምስክር ናት። አዲስ ዝርያ የሚወለደው መዋለድ ሲቋረጥ ነው። ይህን ለማየት ወደ አገራችን፣ ወደ ጣና ሐይቅ መመለስ ይሻላል።

ጣናን ከታችኛው ዓባይ ዓሦች የለየው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው፤ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ገደል ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ከፏፏቴው በላይ የቀረው የባርበስ ዓሣ ብዙ ተፎካካሪ የሌለበት ሰፊ ሐይቅ አገኘ። ዛሬ በጣና 15 ያህል የባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በሌላ በየትም አይገኙም። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ በልተው ያድራሉ፣ ይህም በመንጋጋው ጥርስ በሌለው በዚህ የዓሣ ወገን ዘንድ ብርቅ ነው። አንዱ ጥልቁን ውኃ፣ ሌላው ዳርቻውን ይዟል። በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች የሚወጡ አሉ፤ ከሐይቁ የማይለቁም አሉ። ጊዜና ቦታ የለያቸው ዓሦች ዘራቸው አይቀላቀልም፤ እያደር ይራራቃል።

አሁን የሚያስፈራው መረቡ ነው። ዓሦቹ ለመራባት ሲሰበሰቡ የወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ እንቁላል ያዘለችውን ሳትጥል ይጠልፋታል። ፏፏቴ ለይቶ ያቆየውን መረብ በጥቂት ዓመታት ሊጨርሰው ይችላል። ባሕር ዳርና ጎንደር ያላችሁ ወገኖች፣ ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣባቸው የክረምት ወራት የወንዞቹን አፍ ከመረብ ነፃ አድርጉ።