አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት

ልጄ፣ ትናንት ማታ ደብተርህን ስትገልጥ የሒሳብ ፈተናህን አራት ቦታ አጥፈህ ከሽፋኑ ሥር ሸጉጠኸው አየሁ። በቀይ የተጻፈችዋም 5 ከዓይኔ አላመለጠችም። ዝም ያልኩህ እናትህ አጠገባችን ስለነበረች ነው፤ ዛሬ ብቻችንን ነንና እንጫወት። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። 34 ዓመት ጠመኔ ይዤ ስኖር የዚህን አባባል እውነትነት እንደ ክፍል ውስጥ የትም አላየሁትም። ከ10 5 ማምጣት ነውር አይደለም። የቀረችው 5 በየትኛው ጥያቄ እንደሄደች ሳያዩ ወረቀቱን ማጠፍ ነው ጉዳቱ።

መምህራችሁ መስከረም ላይ የማርኩን አከፋፈል ሰሌዳ ላይ ጽፈውላችኋል፤ አንተም ደብተርህ መጀመሪያ ገጽ ላይ ገልብጠኸዋል። ሁለት ቴስት ከ10 ከ10፣ የቡድን ሥራ 10፣ የቤት ሥራ 5፣ የክፍል ሥራ 5፣ የሴሚስተሩ ማጠቃለያ 60። ሌላ ትምህርት ቤት ሌላ አከፋፈል ሊኖረው ይችላል፣ የእናንተ ይህ ነው። እስኪ አብረን እንደምር። በቴስቶቹ 6 እና 5 አመጣህ፣ በቡድን ሥራው 8። የቤት ሥራውና የክፍል ሥራው ባዶ ነው፣ ደብተር አላሳረምክማ። 19 ሆነ። 50 ለመሙላት ከማጠቃለያው 31 ማምጣት አለብህ። ደብተርህን በየጊዜው አሳርመህ ያቺን 10 ይዘህ ቢሆን ኖሮ 21 ይበቃህ ነበር።

ይህች 10 ማርክ የሊቅ አእምሮ አትጠይቅም። ሠርቶ መገኘትን ብቻ ነው የምትጠይቀው። ብዙ ልጆች ግን ይንቋትና የፈተናው ሳምንት ሲደርስ እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በአንድ ሌሊት የተሸመደደውን ቀመር ጠዋት ከፈተና ክፍል በር ላይ የጣሉትን ልጆች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። በተለይ አንተ አሁን 9ኛ ክፍል ነህ፤ ከአማርኛው በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኗል። ሒሳቡ ሳይሆን የጥያቄው ቋንቋ የሚጥለው ልጅ ስንት አለ መሰለህ! ያልገባህ ቃል ሲኖር እጅህን አውጣ። ጓደኞችህ ቢስቁ ይሳቁ፤ ከሚስቁት ግማሾቹ እነሱም ያልገባቸው ናቸው።

ስለ ትምህርት ቤታችሁ ደንብም ታጉረመርማለህ። በር ለምን በ2፡30 ይዘጋል፣ ስልክ ለምን ይከለከላል፣ መምህር ሲገባ ለምን እንነሳለን ትላለህ።  የማርፈዱን ነገር ልንገርህ። ክፍላችሁ ውስጥ ስንት ናችሁ? ስልሳ ምናምን? መምህሩ ያላቸው 40 ደቂቃ ናት። የትናንቱን ከዛሬው የሚያገናኙት በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው፤ እዚያ ያልነበረ ልጅ ቀሪውን 35 ደቂቃ ሲገለብጥ እንጂ ሲማር አይውልም። ደግሞም አንድ ልጅ አርፍዶ በሩን ባንኳኳ ቁጥር የስልሳው ሰው ሐሳብ ይበተናል። የምታባክነው የራስህን ደቂቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልቆጣህም ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ባለፈው የጎረቤታችን ልጅ አጤሬራ ይዞ ፈተና መግባቱን እየሳቅህ ስታወራ ሰማሁ። ልጄ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ወጥቶ ሲሰረዝ፣ በሐቅ ያጠኑትም ከሌቦቹ ጋር እንደገና ተፈተኑ። የ2014ቱ ፈተና ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ ተደረገ። ልጆቹ ከየቤታቸው ርቀው ሄዱ፣ ስልክ የለ፣ የሚያስኮርጅ የለ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው ተፈታኝ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ሆነ። እነዚያ የወደቁት ሁሉ ሰነፎች ነበሩ አልልም። መጽሐፍ ያልደረሳቸው፣ በጦርነትና በስደት ትምህርት የተቋረጠባቸው ብዙ ናቸው። ቢሆንም ብዙዎቹ 12ኛ ክፍል የደረሱት የማለፊያ ካርድ ይዘው ነው። ያ ካርድ ላይ የነበረው ቁጥር ከየት መጣ? የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ከየት እንደመጣ በከፊል አውቃለሁ፣ እኔም ሞልቼዋለሁና። አንድ ዓመት 46 ያመጣ ልጅ እናቱን ይዞ መጣ። እናቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠራረገች ቆመች። አንጀቴ አልችል አለ፤ ሮስተሩ ላይ 50 አድርጌ ሞላሁት። በቀጣዩ ዓመት ያው ልጅ እኔው ክፍል ገባ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እንዲሠራ አስወጣሁት። ጠመኔውን ይዞ ቆመ፣ ቆመ፣ ግንባሩ በላብ ራሰ፣ አንድም ነገር ሳይጽፍ ወደ መቀመጫው ተመለሰ። ያን ቀን የሰጠሁት 4 ማርክ ምን እንደነበረ ገባኝ። ዓመቱን መድገም የነበረበትን ልጅ መሠረት በሌለው ቤት ላይ ፎቅ አሠርቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ማርክ ለመለመን ወደ መምህርህ አትሂድ፣ እናትህንም አትላካት።

መለመን ሌላ፣ መብትን መጠየቅ ሌላ መሆኑን ግን እወቅ። መምህርም ሰው ነው፤ በማታ መብራት ስልሳ ወረቀት ሲያርም ይሳሳታል። እኔ ራሴ የጀርባውን ገጽ ሳልደምር ቀርቼ አንዲት ልጅ መጥታ አሳይታኛለች። የመጣችው ሌላው ሰው ከወጣ በኋላ፣ ወረቀቷን ዘርግታ፣ «መምህር፣ ይቺ የተደመረች አልመሰለኝም» ብላ ነው። 6 ማርክ ጨመርኩላት፣ አመሰገንኳትም። ክፍሉ መሐል ቆማ ብትጮህ ኖሮ እልህ ይዞኝ ይሆናል። ወረቀት በተመለሰልህ ቀን ደምረው፣ ጥያቄ ካለህ በዚያው ሳምንት ሂድ። ሮስተር ተሞልቶ ካርድ ከወጣ በኋላ ቢሯሯጡ ማረሙ ለመምህሩም ለርዕሰ መምህሩም ጣጣ ነው።

በል አሁን ያን ወረቀት አምጣው። እጥፋቱን በመዳፍህ ዳምጠህ ጠረጴዛው ላይ ዘርጋው፣ እርሳስም ቅረጽ። እኔ መነጽሬን እስካመጣ ድረስ አራተኛውን ጥያቄ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለህ በእንግሊዝኛ አንብበው፤ ያልገባችህ ቃል ላይ ቁምና ጠብቀኝ።