ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፦ ተረቱ በጅማ ኑሮ ሲፈተን

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። በኦሮምኛም እንዲሁ ይነገራል፤ በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ሁለቱን ቋንቋ እያፈራረቀ የሚኖር ሰው መጀመሪያ በየትኛው እንደሰማው ላያስታውስ ይችላል። እናት ፊደል አልያዝ ላለው ልጇ፣ ነባር ነጋዴ ሱቁ ላልሞላለት ጀማሪ፣ አስተማሪ በመጀመሪያው ፈተና ለወደቀ ተማሪ ይለዋል። ላይ ላዩን ሲታይ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዛሬ እግር የሌለው ነገ ይራመዳልና አትቸኩል፣ ተስፋም አትቁረጥ ማለት ነው።

ነገር ግን ተረቱ ዋናዋን ባለቤት፣ ዶሮዋን፣ ሳይጠራት አልፏል። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እንቁላል ሃያ አንድ ቀን ቢቆይ የሚደርስበት መበላሸት ብቻ ነው። እግር የሚያወጣው አውራ ያገኘ እንቁላል ሆኖ፣ ዶሮዋ ታቅፋው፣ 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ የሚሆን ሙቀት ሳይጓደልበት ሲሰነብት ነው። የታቀፈች ዶሮ በቀን ለጥቂት ደቂቃ ለጥሬና ለውኃ ተነሥታ ወዲያው ትመለሳለች፤ እንቁላሎቹንም በአንድ ወገን እንዳይጣበቁ ደጋግማ ታገላብጣለች። ሁለት ቀን ብትጠፋ፣ በሦስተኛው ቀን የቱንም ያህል ብታሞቃቸው የበረደው ነፍስ አይመለስም። ስለዚህ የተረቱ ጉልበት ያለው በቀስታው ሳይሆን ባለመቋረጡ ነው። «ቀስ በቀስ» እያሉ ሥራን ለነገ የሚያሳድሩ ሰዎች የተረቱን ቃል ይዘው ዶሮዋን ረስተዋል።

ዶሮዋ ስትረሳ ምን እንደሚሆን በተማሪው ንባብ ይታያል። ኪቶ ፉርዲሳ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኝበት የጅማ ከተማ ክፍል ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው የቆመ ሲሆን፣ ከየክልሉ የመጡ ወጣቶች ግቢውን ይሞሉታል። እንደዚህ ባለ ግቢ ውስጥ የንባብ ልማድ ምን እንደሚመስል ከላይብረሪው ወንበር ይታወቃል። ሴሚስተሩ ሲጀመር ወንበሩ ክፍት ነው፤ ፈተና ሲቃረብ ግን ቦታ ለመያዝ ገና ሳይነጋ ወረፋ ይጀመራል። ሃንድአውት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሦስት ወር ያልተነካ ትምህርት በሦስት ሌሊት ይሸመደዳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ሌላው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። የተሸመደደው ነገር ፈተናውን ያሳልፍ ይሆናል፤ ከፈተናው በኋላ ግን ብዙ አይቆይም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የትውስታ ጥናቱ፣ በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የተደገመ ነገር በአንድ ቁጭታ ከተደገመው ይልቅ በአእምሮ እንደሚጸና አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ደጋግመው አረጋግጠዋል።

የሀገሩ ነባር ትምህርት ይህን ያለ ቤተ ሙከራ ያውቀው ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት ፊደል የቆጠረ ልጅ ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ መቶ ሃምሳው መዝሙር በሰባቱ የሳምንት ቀናት ተከፋፍሎ ይደገማል፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ እየሆነ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። በመድረሳም ልጁ የዕለት ድርሻውን በእንጨት ሉህ ላይ ጽፎ፣ ለመምህሩ አሰምቶ፣ ሉሁን አጥቦ የነገውን ይጽፋል። ቁርኣን በሠላሳ ጁዝ መከፈሉም በረመዳን አንዱን ጁዝ ለአንድ ቀን እያደረጉ ወሩን ሙሉ ለማንበብ ያመቻል። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በእምነት ይለያዩ እንጂ፣ ትንሽ ድርሻ በየቀኑ ሳያጓድሉ መያዝን በእኩል አውቀውበታል። ዓለማዊው ትምህርት ከሁለቱም ሊወርስ ይገባው የነበረ ትልቅ ሀብት ይህ ነበር፤ ባለመውረሱ ብዙ ከስሮበታል።

ንባብ በድርሻ ሲሆን ምን ያህል እንደሚሄድ ቀላል ሒሳብ ያሳያል። በቀን ዐሥር ገጽ የሚያነብ ሰው በዓመት ከ3,600 ገጽ በላይ ያነባል። ከ500 ገጽ የሚበልጠው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንኳ በዚህ ስሌት ሁለት ወር አይፈጅም። ይኸው ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት በተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በተከታታይ ሲተረክ፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ፣ ማንበብም የማይችል ሕዝብ ሳይቀር ከዳር እስከ ዳር ሰምቶ ጨርሶታል። ያን ያህል መጽሐፍ በአንድ ቀን አንብቡ ቢባል እሺ የሚል አይኖርም ነበር።

የሰውነት ብቃትም በዚሁ ሕግ ይመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ደግሞ «በአንድ ጊዜ ከዐሥር ደቂቃ ማነስ የለበትም» ይባል የነበረውን ትቶ ጥቂቱም እንደሚቆጠር ገልጿል። በጎማና በማና ወረዳዎች ያለ የቡና ገበሬ ይህ ምክር አያስፈልገውም፤ ምንጠራው፣ ለቀማው፣ ተሸክሞ መመለሱ ይበቃዋል። ምክሩ የሚያሻው ቢሮ ለሚውለው ሠራተኛ፣ ቀኑን ኮምፒዩተር ላይ ለሚያሳልፈው ተማሪ፣ ሁለት ፌርማታ ለማትሞላ መንገድ ባጃጅ ለሚያስቆመው ከተሜ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ የተቀመጠች፣ አየሯ ለእግረኛ የሚስማማ ከተማ ናት፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን የሚያወጣው ዳገትም ገንዘብ የማይጠይቅ ጂም ነው። አዲስ ዓመት ሲገባ ልብስና ጫማ ገዝቶ አንድ ሳምንት እስኪዝል የሚሮጥና የሚተው ሰው ያገኘውን ትንፋሽ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መልሶ ያጣዋል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚራመድ ጎረቤቱ ዓመቱ ሲያልቅ ይበልጠዋል።

እስካሁን ተረቱ ተፈትኖ አልፏል። ሆኖም ሕይወት በዝግታ ብቻ እንደማትሄድ የሚያሳዩ ነገሮች እዚያው ጅማ ውስጥ አሉ። ጅማ አባ ጅፋር እግር ኳስ ክለብ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን አነሣ፤ በ2014 ደግሞ ከሊጉ ወረደ። የቡናው ነገር ከዚህ የጠለቀ ነው። በ1963 ዓ.ም. ገደማ ፍሬውን ገና በአረንጓዴነቱ እያጠቆረ የሚያረግፍ የቡና በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ቡና ተተክሎ ለመጀመሪያ ለቀማ ለመድረስ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ አዲስ ዝርያ በተለመደው መንገድ ማውጣት ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ገበሬው ያን ያህል መጠበቅ አይችልም ነበር። በጅማ አጠገብ የሚገኘው የመልኮ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በደቡብ ምዕራቡ ጫካና ጓሮ እየዞሩ በሽታው ያልደፈራቸውን እናት ዛፎች መረጡ፤ በጥቂት ዓመታትም 741፣ 74110፣ 74112 የሚባሉትን የመሰሉ ዝርያዎች ለገበሬው አደረሱ። የቁጥሮቹ መነሻ 74 ዛፎቹ የተመረጡበት የ1974 እ.ኤ.አ. ምልክት ነው። ይህ ተረቱን የሚያፈርስ ፍጥነት ይመስላል። በሽታውን የሚቋቋመውን ዛፍ ግን ማንም በዚያ ዓመት አልፈጠረውም፤ ጫካው ስፍር ቁጥር በሌለው ዘመን ሲያዳቅልና ሲያኖር የቆየው ነው። ሰዎቹ ፈጥነው የደረሱት የተዘጋጀ ነገር ስለጠበቃቸው ነበር። ድንገት የሆነ የሚመስል ነገር ሁሉ ለስንት ጊዜ ታቅፎ እንደነበር መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ወደ ሃይማኖት መቻቻል ሲመጣ ነው። በጅማ ዞን ሙስሊሙ ይበዛል፤ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም በከተማም በገጠርም አብሮት ይኖራል። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በሌላ ሀገር ቢሆን ጎረቤትን ከጎረቤት ለማራቅ ይበቃ ነበር። እዚህ ግን ልዩነቱን ሳያፈርሱ የሚሻገሩበት ብልሃት ተገኝቶለታል። ሠርግ ሲሆን ሁለት ድንኳን ይተከላል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ሙስሊም እንግዳ ያለበት ክርስቲያን በጉን ከነነፍሱ ለጎረቤቱ ይሰጠውና ያ ጎረቤት በእምነቱ ሥርዓት አርዶ የራሱን ወገን ያስተናግዳል። በተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው። ለቅሶ ሲሆን የዕድሩ ድንኳንና ወንበር የሟቹን ሃይማኖት አይጠይቅም። እነዚህ ልማዶች የማንም አዋጅ አይደሉም፤ በአንድ ዓመት የተበጁም አይደሉም።

ቡና ግን ከአንድ ጀበና ይቀዳል፤ አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም አንድ ነው። ይህም ራሱ በዝግታ የተገኘ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው ብለው ይርቁት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሲጠጡትና አቡነ ማቴዎስም ጥላቻውን ለማስቀረት ሲረዱ ነገሩ እየላላ መጣ። ዛሬ የኦርቶዶክስ እናት ቡና ሳታፈላ ጎረቤት መጥራት አይሆንላትም። እምነት ሳይለወጥ፣ ማንም ማንንም ሳያሸንፍ፣ አንድ አጥር በሦስት ትውልድ ውስጥ ፈረሰ ማለት ነው። ስለ መቻቻል ከሚነገሩ ስብከቶች ብዙዎቹ የዚህን ስኒ ያህል አያስረዱም።

በሕግ በኩልም መንገዱ ረጅም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ አንግበው በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። የሙስሊም በዓላት እንደ ሀገር በዓል መከበር የጀመሩት ከአብዮቱ በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፣ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ደነገገ።

ከዚያ በኋላ ግን የሆነው ተረቱን ያንገዳግደዋል። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ በጎማ ወረዳ በበሻሻና በአካባቢው በተነሣ ግጭት ሰዎች ተገደሉ፣ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በ2003 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ደግሞ በዚሁ ዞን በአሰንዳቦ «ቁርኣን ተቀደደ» የሚል ወሬ ተነዛ፤ እሳቱ በቀናት ውስጥ ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ተዛምቶ ከ50 በላይ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች ወደሙ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ለዘመናት የታቀፈው ጉርብትና በአንድ ሳምንት ተሰበረ። ተረቱ ለዚህ መልስ የለውም፤ ስለ መፈልፈል እንጂ ስለ መሰበር አንዳች አይናገርም።

ጠጋ ብሎ ለሚያየው ግን ጥላቻውም ቢሆን በዚያ ሳምንት አልተወለደም። ሌላውን የሚያንቋሽሽ ስብከት፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣትን እንደ ኃጢአት የሚቆጥር ምክር፣ ሳይጣራ የሚተላለፍ ወሬ ለዓመታት በየቤቱ ይሞቅ ነበር። እንቁላሉ የምን እንደሆነ ተረቱ አይጠይቅም፤ የእባብም እንቁላል ታግሦ ይፈለፈላል። ስለዚህ ትዕግሥት ብቻውን በጎነት ሊሆን አይችልም። ምን እንደታቀፉ ማወቅ ይቀድማል።

ንባብ ከዚህ ይጠብቃል የሚል ተስፋ ብዙዎች አላቸው። ተስፋው በከፊል ትክክል ነው። ሁለት መጽሐፍ አስተያይቶ ማንበብ የለመደ ሰው «ተቀደደ» ሲባል «ማን አየ? የት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያች አንዲት ጥያቄ እሳት ልታዘገይ ትችላለች። ይሁን እንጂ በሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተማሩ ወጣቶች በብሔርና በሃይማኖት ተቧድነው የተጋጩባቸው ዓመታት አሉ፤ የራሱን ወገን ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ካላነበበው ይልቅ ክፉ ሊሆን ይችላል። የሚያድነው ንባብ የጎረቤትን እምነት ከጎረቤት አፍ መስማትንም የሚጨምር ነው። የግቢ ኑሮ ለዚህ ይመቻል፤ አንድ ዶርም ውስጥ አንዱ ለሱሑር፣ ሌላው ለኪዳን በየፊናው ሌሊት ይነሣል፤ ሁለቱም ጫማቸውን በጨለማ ሲፈልጉ ሦስተኛውን ላለመቀስቀስ ይጠነቀቃሉ።

የዘመን አቆጣጠሩም መልመጃ ይሰጣል። ረመዳን በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚቀድም ከክርስቲያኑ በዓላትና አጽዋማት ጋር በየተራ ይገናኛል። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገብተው ሁለቱ ሃይማኖቶች ሳምንታትን አብረው ጾሙ፤ በሽሮና በምስር ቤት ለቤት መጠያየቅም ቀለለ። በ2022 ዓ.ም. ረመዳን ከገናና ከጥምቀት ጋር ይገጣጠማል፤ ያን ጊዜ አንዱ ሲያከብር ሌላው ይጾማል፤ የታቦት ማደሪያውና የመስጊዱ ሰዓት፣ ድምፅ ማጉያውና የመንገዱ መዘጋት ቀደም ብሎ ምክር ያሻዋል። የጎማው ግጭት በተነሣበት በ1999 ዓ.ም. የመስቀል ደመራው የተለኮሰው ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ሁለቱ እንደገና በአንድ ሰሞን የሚውሉት በ2032 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያን ዓመት በአጋሮ፣ በበሻሻና በጅማ ደመራውን የሚደምሩትና ኢፍጣሩን የሚያዘጋጁት ወጣቶች ዛሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚማሩት ልጆች ናቸው።