ከሰማይ የወረደ ወረቀት

ግንቦት 25 ቀን 1909 ዓ.ም. ዋይሩና የተባለችው የኒውዚላንድ የንግድ መርከብ ፓስፊክ ውቅያኖስን ስታቋርጥ፣ አንዲት አውሮፕላን ከበላይዋ አንዣበበች። አውሮፕላኗ የንግድ መርከብ መስላ ትዘምት የነበረችው የጀርመን የጦር መርከብ የቮልፍ ነበረች፤ ስሟም ቮልፍሼን፣ የተኩላ ግልገል እንደማለት ነው። በመንኰራኵር ፈንታ ተንሳፋፊ እግሮች ስለነበሯት ከባሕር ተነሥታ በባሕር ታርፋለች። በዚያው ዘመን ጀርመን እንደ ሃንሳ ብራንደንቡርግ ደብልዩ 12 ያሉ፣ ለአየር ውጊያ የተሠሩ የባሕር አውሮፕላኖች ነበሯት፤ ይህችኛዋ ለቅኝት የተሠራች ናት፤ ቦምብ ግን ትይዛለች። ሆኖም አስቀድማ የጣለችው ወረቀት ነው፦ ሞተር አቁሙ፣ በሬዲዮ አትናገሩ፣ አለዚያ ትመታላችሁ የሚል። ቀጥሎ ከመርከቧ ፊት ቦምብ ወደቀ። ካፒቴኑ ሞተሩን አቆመ፤ ሰዎቹም ተማረኩ።

አስቀድሞ ያስጠነቀቀ ሰው በኋላ ከሚያደርሰው ጉዳት ነጻ ይሆናልን? በዳኛ ፊት «ነግሬው ነበር» ማለት ቀላል መከራከሪያ አይደለም። ነገር ግን ማስጠንቀቅ በአማርኛችን ሌላው እንዲጠነቀቅ ማድረግ ነው፤ ሰሚው የሚጠነቀቅበት መንገድ ከሌለው ቃሉ ዛቻ ብቻ ይሆናል። ካፒቴኑ መንገድ ነበረው፤ ሞተሩን ማቆሙ መልስ ነው፤ አውሮፕላኗም መልሱን ከላይ አየች፤ እጁን የምትቀበል መርከብም ከኋላዋ ነበረች።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦር ሜዳ ነገሩ ሌላ ነበር። የመንግሥት አውሮፕላኖች በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ የአቡነ ቄርሎስን ቃለ ውግዘት የያዘ ወረቀት በተኑ፤ ቦምብም ጣሉ። ፊደል ያልቈጠረው ወታደር የሚያነብለት ካህን መፈለግ ነበረበት። ተነበበለት እንበል፤ ቤቱና እርሻው በጌታው ግዛት ያለ ሰው በምን ፍጥነት ጌታውን ይከዳል? ቢከዳስ እጁን ለማን ይስጥ? አውሮፕላን እጅ አይቀበልም። ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን ወደቁ።

ለገዳሪፍ ነዋሪ የሚቀርበው ግን የ1932 ዓ.ም. ክረምት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በውኃ ላይ በምታርፍ አውሮፕላን እስክንድርያ ደርሰው፣ ከዚያ ወደ ካርቱም ዘለቁ። በማኅተማቸው የታተመ የአማርኛ አዋጅ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከድንበሩ ማዶ ተበተነ። ይህ ወረቀት ቦምብን አላስቀደመም፤ ጥሪ ነበር። ይሁን እንጂ ጥሪም ዕዳ አለው፤ አደጋውን የሚሸከመው ወረቀቱን ከመሬት ያነሣው ሰው እንጂ የበተነው አይደለምና። ከገዳሪፍ በስተ ደቡብ ካለችው ከዶካ የተነሣው የሳንፎርድ ጓድ ነሐሴ 6 ቀን ድንበሩን ተሻገረ፤ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የገቡት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በነበሩት አምስት ወራት፣ ጥሪውን ሰምቶ ለሸፈተ የጎጃም ገበሬ የሚደርስለት ዋና ጦር ገና ሱዳን ውስጥ ነበር።