ጸጥታ ሁሉ ሰላም ነውን?

ሰው ጩኸት በሰማ ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ይሻል፤ ወይ ጩኸቱ እንዲቆም፥ ወይ ያስጮኸው ነገር እንዲታረም። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለማስረዳት የሸክላ ማጫወቻ መልካም ምሳሌ ይሆነናል።

በእጅ እየተጠመዘዘ ይሠራ የነበረው የጥንቱ ግራሞፎን በኤሌክትሪክ አይሠራም ነበርና የኤሌክትሪክ ጕርምርምታ አያውቅም ነበር። የዛሬው ግን መርፌው ገና ሸክላው ላይ ሳያርፍ ስፒከሩ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጕረመርም የሚሰማበት ጊዜ አለ። ምክንያቱም ይህ ነው፤ መርፌው ከሸክላው የሚያወጣው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው፥ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ቢሆን ነው። በቤታችን ግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ግን 220 ቮልት ነው፥ በአንድ ሴኮንድም 50 ጊዜ ይመላለሳል። ማጉያው የመርፌውን ደካማ ድምፅ መቶ እጅ ያህል ያበዛዋል። ደግሞም የአሜሪካ ሸክላ አምራቾች ማኅበር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1954 ባጸናው ሥርዐት መሠረት ወፍራሙ ድምፅ ሲቀረጽ ተቀንሶ ይቀረጻል፥ ሲጫወት ግን ማጉያው የተቀነሰውን ይመልሳል። ስለዚህ ወፍራም የሆነው ጕርምርምታ ከመካከለኛው ድምፅ ይልቅ ሰባት እጅ ያህል ከፍ ይላል። ማጉያ አይመርጥምና የሰጡትን ሁሉ ያጐላል።

ጕርምርምታው የሚገባባቸው ዋነኞቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ ማጫወቻውን ከማጉያው ጋራ የሚያስተሳስረው ቀጭን የመሬት ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ ነው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማጉያው በአንድ ሶኬት ወደ መሬት ሲያያዝ፥ ከእርሱ ጋራ የተቀጠለው ቴሌቪዥን ደግሞ በጣራው አንቴና በኩል ሌላ የመሬት መንገድ ቢኖረው፥ በሁለቱ መካከል ቀለበት ይፈጠራል፤ በቀለበቱም የሚዞረው ኃይል በስፒከሩ ይሰማል። ሁለት ባላ ትከል የሚለው ተረት ለሌላው ነገር ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለመሬት ሽቦ አይጠቅምም። መሬት ያጣም ያጕረመርማል፥ በሁለት መሬት የቆመም ያጕረመርማል።

መድኃኒቱም ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የትዕግሥት መድኃኒት ነው፤ ይኸውም አንዱን ዕቃ ከሌላው እየለዩ ጥፋቱን መፈለግ፥ የላላውን ብሎን ማጥበቅ፥ ማጫወቻውን ከማጉያው ትራንስፎርመር ማራቅ፥ ሁሉንም ከአንድ ሶኬት ማያያዝ ነው። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ከማጉያው ስፒና የመሬቱን መስመር መቍረጥ። ቀለበቱ ይበጠሳል፥ ጕርምርምታውም ወዲያው ጸጥ ይላል፥ ባለቤቱም ደስ ይለዋል።

ነገር ግን ያ መስመር የተሠራው ለዜማ አልነበረም። ምናልባት አንድ ቀን በውስጥ ያለው ሽቦ ተልጦ የብረቱን ሣጥን ቢነካ፥ ኃይሉን ወደ መሬት አውርዶ ፊውዙን እንዲያቃጥል የቆመ ዘበኛ ነው። እርሱ ከተቈረጠ በኋላ ያ ብልሽት ቢደርስ፥ ሣጥኑ 220 ቮልት ተሸክሞ ዝም ይላል፤ የነካውም ሰው በገዛ ሰውነቱ የመሬት ሽቦ ይሆናል። ሰውን ለመግደል ብዙ ኃይል አያስፈልግም፤ ሰውን ከኤሌክትሪክ እንዲጠብቁ የሚሠሩ መሣሪያዎች ገና 30 ሚሊአምፔር ሲያመልጥ መስመሩን የሚዘጉት ስለዚህ ነው።

«በገዛ ቤቴ፥ በገዛ ዕቃዬ ባደርገው ማንን እጐዳለሁ?» የሚል ይኖራል። መልሱ ይህ ነው፤ የቈረጠው ያውቃል፥ የሚነካው ግን አያውቅም። የሚነካውም አቧራ የምትጠርግ ሠራተኛ ወይም ገና የሚድኽ ሕፃን ሊሆን ይችላል። በጸጥታው የሚደሰተው አንዱ፥ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላው ሲሆን፥ ነገሩ የብልኀት ጕዳይ መሆኑ ቀርቶ የፍርድ ጕዳይ ይሆናል።

ይህም በዕቃ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከአባቷ ቤት ድርሻዋን የተከለከለች እኅት ብታጕረመርም፥ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ተዪው፥ የቤተ ሰቡን ስም አታንሺ» ይሏታል። እርሷም ዝም ትላለች፥ ለፋሲካም ሁሉም ባንድ ገበታ ይቀርባሉ። ጸጥታው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ድርሻዋ አልተመለሰም። ከዚያም ቤት ታናሽቱ ነገ ብትበደል የሚናገርላት አይኖርም፤ በደል ወደ ውጭ ወጥቶ የሚታወቅበት መንገድ ተቈርጧልና። ነቢዩ ኤርምያስ የሕዝቡን ቍስል ላይ ላዩን የሚያክሙትን የገሠጸው ስለ እንዲህ ያለው ዕርቅ ነው።

ይህን ስል ያጕረመረመ ሁሉ እውነት አለው ማለቴ አይደለም። ለሽማግሌ አንድ፥ ለዳኛ ሌላ የሚናገር፥ እንደዚያ ቀለበት በሁለት መሬት የቆመ ከሳሽም አለ። ቢሆንም ይህ የሚታወቀው መርምሮ በመለየት ነው እንጂ አፉን በመዝጋት አይደለም።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ሁሉ ተመርምሮ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ጥቂት ጕርምርምታ ቢቀር፥ ዘበኛውን ከመቍረጥ ይልቅ ያንን ታግሦ ዜማውን መስማት ይሻላል። ሽማግሌ ሆኖ የተጠራም ሰው «ዝም አሉን?» ከማለቱ በፊት «ድርሻዋ ተመለሰላትን?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህም እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጠን።