ወጥመዱን የወደደ ሰው

ሰው ወደ ጥፋት የሚሄደው ተጐትቶ ነውን፣ ወይስ ወድዶ? በጉልበት ለተወሰደ ሰው ይታዘንለታል፤ ወድዶ የሄደ ግን በራሱ ላይ ይመሰክራል። ይህን የቈየ ጥያቄ አንድ የአሜሪካ አስቂኝ ፊልም ሳያስበው አንሥቶ፣ ሳይመልሰው ጥሎት ሄዷል።

ፊልሙ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓመት ፒተር ሃያምስ ያዘጋጀው «ስቴይ ቱንድ» ነው። ትርጓሜውም «ከጣቢያችን አትራቁ» ማለት ሲሆን፣ የቴሌቪዥን ተናጋሪዎች ተመልካቹን ከወንበሩ እንዳይነሣ የሚይዙበት ቃል ነው። ሮይ የሚባል በሲያትል ከተማ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበረ። በወጣትነቱ በሻሞላ ግጥሚያ ዋንጫ የተሸለመ ሲሆን፣ ኋላ ግን ከሥራ በተመለሰ ቍጥር ከቴሌቪዥን ፊት የማይነሣ ሆነ። ሚስቱ ሔለን ብትናገረው አልሰማ ስላላት በገዛ ዋንጫው የቴሌቪዥኑን መስተዋት ሰበረችው። ከዚያም ስፓይክ የሚባል የሲኦል መልእክተኛ መጥቶ 666 ጣቢያ የሚያሳይ የሳተላይት ዲሽ አቀረበለት፤ ሮይም ተዋዋለ። ዲሹም ባልና ሚስቱን ውጦ ወደ ትርኢቱ ውስጥ አገባቸው። 24 ሰዓት ሳይሞቱ ቢቈዩ ሊለቀቁ፣ ቢሞቱ ግን ነፍሳቸው የሰይጣን ልትሆን ነው።

እስከዚህ ድረስ መሠረቱ መልካም ነበረ። ፈታኙ ሰውዬው የሚወደውን ይዞለት መጣ እንጂ በር ሰብሮ አልገባም። ዳሩ ግን ባልና ሚስቱ ከገቡ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ጊዜ በትግል ሜዳ፣ አንድ ጊዜ በፈረንሳይ አብዮት መካከል፣ አንድ ጊዜም የካርቱን አይጦች ሆነው፣ ከሞት ወደ ሞት ይሸሻሉ። የአይጦቹን ክፍል የሠራው ስመ ጥሩው ቸክ ጆንስ ነውና ሥዕሉ ያማረ ነው። ነገር ግን ድመት የሚያሳድዳት አይጥ «ሽሺ» የሚላት መካሪ አያስፈልጋትም።

የስሕተቱ ሥር ይህ ነው። የእውነተኛው ፈተና ክፋቱ ሰው ከእርሱ መሸሽ አለመፈለጉ ነው። የሚያስፈራ ወጥመድ ማንንም አይዝም። ፊልሙ ግን የፈቃድን ነገር ወደ ጉልበት ነገር ስለ ለወጠው፣ ሮይ የሚያሸንፈው ጠላቱን እንጂ ምኞቱን አይደለም። እርግጥ ነው፣ እርሱ ነፃ ከወጣ በኋላ ሚስቱን ለማዳን ተመልሶ ይገባል፤ ይህም የፍቅር ሥራ ነውና ይመሰገናል። ቢሆንም ከስንፍናው ጋር ፊት ለፊት አልተገናኘም።

አንዲት ቅጽበት ብቻ ወደ እውነቱ ትቀርባለች። ሮይን ሆኖ የሚጫወተው ጆን ሪተር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1977 እስከ 1984 ዓመት «ስሪስ ካምፓኒ» በተባለ የቴሌቪዥን ቀልድ ዝናን ያገኘ ሰው ነበረ። ሮይ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲወረወር ድንገት በዚያ በአሮጌው ጨዋታ ውስጥ ይገኝና ጮኾ ይሸሻል። በዚያን ጊዜ ያስደነገጠው ሰይፍ ሳይሆን የገዛ መልኩ ነው። ፊልሙ በዚህ ላይ ቢቈም ኖሮ ጥያቄውን በመለሰ ነበር፤ እርሱ ግን ቸኵሎ ወደ ሌላ ቀልድ አለፈ። በነገራ ጊዜ ሰሙ አምሮለት ወርቁ የጠፋበትን የቅኔ ተማሪ መምህሩ «ሂድና እንደገና ቍጠር» ብሎ ይመልሰዋል፤ ለዚህ ፊልምም የሚገባው ፍርድ ይኸው ነው።

ከዚህም ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ። በሮይ የሚሥቀው ተመልካች አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደ ሮይ ተቀምጦ ይሥቃል። የሣቀ ሁሉ የተመከረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በጕድለት መሣቅ ጕድለትን መተው አይደለም። ዛሬማ ዲሽ ተሸክሞ ደጅ የሚመታ መልእክተኛ አያስፈልግም። መስተዋቱ በኪስ ገብቷል፤ አንዱ ትርኢት ሲያልቅ ሌላው ሳይጠሩት ይከተላል፤ ሰውም ከሚስቱና ከልጆቹ አጠገብ ተቀምጦ ከእነርሱ ርቆ ይውላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በባልዋ ሳትሥቅ እውነቱን የተናገረችው ሔለን ናት። አንባቢም ይህን ያስተውል። ለሮይ በጭንቅ የተሰጠው 24 ሰዓት ለሰው ሁሉ በየቀኑ በሰላም ይሰጠዋል፤ ማንም አያሳድደውምና፣ መነሣት የራሱ ፈንታ ነው።